ሁለት ጥናት ሲጣላ፦ ስለ ልጅ አስተዳደግ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ይሁን ሞጣ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ የልጅ ቅጣት ከተነሣ ሌላው አጀንዳ ቀረ ማለት ነው። አንዱ አባት «እኛ በአርጩሜ አድገን ምን ሆንን?» ይላሉ። ወጣቷ መምህርት ስልኳን አውጥታ «ጥናት እኮ ምት ጎጂ ነው ይላል» ትላለች። ከኋላ ሌላ ስልክ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ያለው ጥናት ደግሞ «ቀላል ምት ብዙም አይጎዳም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ብቻ። የሚገርመው ሁለቱም ስልኮች ላይ ያለው እውነተኛ ጥናት መሆኑ ነው። የሚያጣላን አነባበባችን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

1. «ማን አሸነፈ?» ብሎ መጀመር

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለቱ ጥናቶች የሚመልሱት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው ወይ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አይደለም።

ምትን እንውሰድ። በ2016 ኤልዛቤት ጌርሾፍና አንድሩ ግሮገን ኬይለር 75 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ጥናቶቹ ወደ 160 ሺህ ልጆችን ይሸፍናሉ። ጥያቄያቸው፣ በመዳፍ የሚመታ ልጅ ከማይመታው ጋር ሲተያይ ምን ይመስላል የሚል ነበር። ካዩዋቸው 17 ነገሮች በ13ቱ ምት ከመጥፎ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ጠበኝነትና ከወላጅ ጋር መራራቅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

በሌላ ወገን ሮበርት ላርዘሊርና ብሬት ኩን አሉ። በ2005 26 ጥናቶችን ይዘው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ቀለል ያለውን ቅጣት አሻፈረኝ ሲል፣ ወላጅ በንዴት ራሱን ሳይስት በመዳፉ ሁለት ጊዜ ቢመታው፣ ይህ ከሌሎች ቅጣቶች ይከፋል ወይ? አይከፋም፣ እንዲያውም ከብዙዎቹ ይሻላል አሉ። ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ ሌላም ነገር አለ። ምቱ ከባድ ከሆነ፣ ወይም ዋናው ማሳደጊያ ምት ብቻ ከሆነ፣ ውጤቱ ከሌሎቹ የባሰ ነው።

እንግዲህ አርጩሜ ይዘው ላርዘሊርን የሚጠቅሱት አባት የትኛውን ገጽ ነው ያነበቡት? ክርክሩ የመዳፍ ክርክር ነው። ልምጭ፣ ቀበቶና በርበሬ ማጠን ከሁለቱም ወገን ጠበቃ የላቸውም። እኛ ጋ «ትንሽ ቀጣሁት» ሲባል የሚታሰበው ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ የሌላ ሰውን ጥናት ለራስ ልማድ ማልበስ።

2. አብሮ የታየን ነገር ሁሉ ምክንያት ማድረግ

የሚመታ ልጅ ረባሽ ሆኖ ተገኘ እንበል። ምቱ ነው ያስረበሸው ወይስ ረባሽ ስለሆነ ነው የሚመታው? እነላርዘሊር ደጋግመው የሚያነሡት ይህንን ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ግማሹን ልጅ ምቱ፣ ግማሹን ተዉ ብሎ መሞከር ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ልጆቹን ለዓመታት ይከታተላሉ፣ የመጀመሪያ ጠባያቸውንም ሒሳብ ውስጥ ያስገባሉ። እንዲህ ሲደረግ የምቱ ጉዳት ያንሳል። ያንሳል እንጂ ምት ይጠቅማል ወደሚል አይዞርም።

ይኸው ነገር እረኝነት ላይም አለ። ቢቡኝ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ባሕር ዳር ካለው እኩያው በፈተና ቢያንስ፣ ጥፋቱ የእረኝነቱ ነው? የቤቱ ድህነትስ? የትምህርት ቤቱ ርቀትስ? ልጁ መወዳደር ያለበት እዚያው ቀበሌ፣ እንደሱ ካለ ቤት ወጥቶ ከብት ከማይጠብቅ ልጅ ጋር ነው። ቀጥሎ ደግሞ በቀን ስንት ሰዓት ይጠብቃል መባል አለበት። ከትምህርት መልስ ጥጃ መመለስና ቀኑን ሙሉ ሜዳ መዋል በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ አይደሉም።

3. መሐሉን መያዝ

ሽምግልና ደም ያደርቃል፤ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ይተዉና ይታረቃሉ። ማስረጃ ግን እንዲህ አይታረቅም። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። መሠረቱ 12 ልጆች ነበሩ። ጽሑፉን ያሳተመው መጽሔት በ2010 ሰረዘው። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆች ታይተው ግንኙነት አልተገኘም። እዚህ ላይ «ሁለቱም ወገን የራሱ ሐሳብ አለው» የሚል ሰው ሚዛናዊ መስሎት ሚዛኑን ይሰብራል።

4. «የማን ልጅ?» ብሎ አለመጠየቅ

ስለ ልጅ የተጻፈው ጥናት አብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ልጆች ላይ የተሠራ ነው። ያ ብቻውን ውሸት አያደርገውም። ግን ሁሉም ነገር እኩል አይሻገርም።

ሕፃንን ከእናት ጋር ማስተኛት ጥሩ ምሳሌ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ልጁ በእናቱ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ይተኛ ይላል። አንትሮፖሎጂስቱ ጄምስ መኬና ደግሞ የምታጠባ እናትና ልጅ አብረው መተኛታቸው ተፈጥሯዊ ነው ብሎ ይከራከራል። በ2013 እነካርፔንተር ያወጡት ጥናት፣ ወላጅ ባያጨስም ባይጠጣም እንኳ ከ3 ወር በታች ላለና ጡት ለሚጠባ ሕፃን፣ አብሮ ሲተኛ የድንገተኛ ሞት አደጋው 5 እጥፍ ይሆናል አለ። በዓመቱ እነብሌር በእንግሊዝ አገር መረጃ ሠርተው፣ ሶፋ፣ መጠጥና ሲጋራ ከሌሉ የጨመረ አደጋ አላገኘንም አሉ።

«5 እጥፍ» ያስደነግጣል። ግን የምን 5 እጥፍ? እነካርፔንተር ራሳቸው ሌላ ችግር ለሌለበት ሕፃን ያሰሉት አደጋ ለየብቻ ሲተኙ ከ10 ሺህ ሕፃናት 1 እንኳ አይሞላም፤ አብረው ሲተኙ ከ10 ሺህ ወደ 2 ነው (5 እጥፉ ከ3 ወር በታች ላሉት ብቻ ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ከዚያ በላይ ያሉትንም ይጨምራል)። እጥፍ ያለ መነሻው ቁጥር ማስፈራሪያ ነው። መነሻውን ሳይነግርህ እጥፉን ብቻ የሚነግርህን ተጠራጠር።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ የሚታየው ዝርዝር ይለያል። ሶፋ ላይ ጡት እያጠባች የምታንቀላፋ የከተማ እናት አለች። ገጠር ደግሞ መደብ አለ፣ ከባድ ጋቢ አለ፣ በበዓል ማታ ጠላና አረቄ አለ። «ለብቻው አስተኚው» የሚለው ምክር ተጨማሪ አልጋ ለሌላት እናት ምንም ማለት አይደለም። ጠጥቶ ከሕፃን ጋር አለመተኛት፣ ፊቱን አለመሸፈን፣ በጀርባው ማስተኛት ግን ከሁለቱም ወገን ጋር አያጣላትም።

ስለ ጀርባ ካነሣሁ፦ ድሮ ሐኪሞች ሕፃን በሆዱ ይተኛ ይሉ ነበር። ማስረጃው ሲከማች ምክሩ ተገለበጠ። አሜሪካ በ1994 ሰፊ ዘመቻ ከጀመረች በኋላ በዓመታት ውስጥ ድንገተኛው የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። «ሳይንቲስቶች ይገለባበጣሉ፣ አትስሟቸው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

5. አንድ ታዋቂ ሙከራ ይዞ መሮጥ

ማርሽማሎ የሚባለው ሙከራ ቲክቶክ ላይ በየሳምንቱ ይዞራል። ጣፋጩን ሳይበላ የታገሠ ሕፃን በኋላ ይሳካለታል የሚለው። በ2018 ከ900 በላይ ልጆች ላይ ሲፈተሽ ግንኙነቱ በግማሽ ቀነሰ፤ የቤተሰብ ሁኔታ ሲታሰብ ደግሞ ጭራሽ ሳሳ። ካሜሩን ውስጥ ደግሞ የንሶ ገበሬዎች ልጆች ፓፍ ፓፍ የሚባል የሊጥ ጥብስ ቀርቦላቸው ከጀርመን እኩዮቻቸው በጣም በልጠው ታገሡ። ይህን የሰማ የጎጃም እናት አይገርማትም። እንግዳ ሳይቀምስ ልጅ ማዕድ ላይ እጁን በማይሰድበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

6. እስኪስማሙ መጠበቅ

ተመራማሪዎቹ እስኪታረቁ ልጁ ያድጋል። ደግሞም ሁሉም ጥያቄ የማስረጃ ጥያቄ አይደለም። ስዊድን ልጅ መምታትን በ1979 ስትከለክል 75ቱ ጥናቶች ገና ተሰብስበው አልተመረመሩም። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ስለዚህ መምህሩ እጅ ላይ ያለው ልምጭ ጌርሾፍንም ላርዘሊርንም አይጠብቅም።

ቤት ውስጥ ግን ምርጫው የወላጅ ይሆናል። እኔ ብሆን የምጠይቀው፣ የያዝኩት ሐሳብ ስህተት ቢሆን ዋጋውን የሚከፍለው ማነው ብዬ ነው። ምክንያቱን ማስረዳት፣ ዛሬ የከለከሉትን ነገ አለመፍቀድ፣ ልጁ ደህና ሲሠራ ማመስገን፤ እነዚህ ላይ ጠብ የለም።

መምህራን «60 ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ምትን የሚመለከቱት ጥናቶች በአብዛኛው የቤት ናቸው፤ አንድ ወላጅና አንድ ልጅ። ለጎጃም የገጠር ክፍል መልስ ከእነሱ መጠበቅ አይቻልም። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መመረቂያ ርዕስ የቸገራችሁ ልጆች፣ ርዕሱ ይኸውላችሁ።