ጣና ላይ ቢራው ከመልስ በኋላ ይሁን

ባሕር ዳር ሄዳችሁ በጀልባ ወደ ዘጌ ልትሻገሩ ካሰባችሁ ቢራውን ለመልስ አቆዩት። ስትመለሱ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ከዓሣ ጥብስ ጋር ብትጠጡት ይሻላል።

ውሃ ላይ መጠጥ ቶሎ ይሰማል። ፀሐዩ፣ ነፋሱ፣ የሞተሩ ንዝረትና የጀልባው መወዛወዝ ብቻቸውን ሰው ያደክማሉ። ሁለት ጠርሙስ ሲጨመርበት እግር አልታዘዝ ይላል። ፎቶ ለመነሳት ብድግ ስትሉ ጀልባው ዘንበል ካለ፣ በቃ፣ ውሃ ውስጥ ናችሁ። ዋና የሚችል ሰው እንኳ ጠጥቶ ከሆነ ቶሎ ይዝላል፤ ሰውነቱም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።

ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ይበረታል። ብዙ ሰው የሚመለሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው።

ማታውን አምሽታችሁ ከሆነ የጠዋቱ ቡና ስካሩን አያወጣውም፤ የሚያወጣው ጊዜ ብቻ ነው። ጉዞውን ለማግስቱ አድርጉት።

የሕይወት አድን ጃኬቱን ዘለበቱን ቆልፋችሁ ልበሱት፣ መቀመጫ አታድርጉት። ጀልባ ነጂውንም እባካችሁ «አንድ ቅመስ» ብላችሁ አትጋብዙት። ገና ስትሳፈሩ ነጂው መጠጥ መጠጥ ከሸተተ ውረዱ፤ ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን ውረዱ።