የውሻና የድመት ቁንጫን ከነቤቱ እንዴት ማጥፋት እንደሚቻል

ደሴ ውስጥ በምኖርበት ግቢ አንድ ውሻና አንዲት ድመት አሉ። ውሻው በክረምቱ መግቢያ የወገቡንና የጅራቱን ሥር እያኘከ ፀጉሩን ሲጨርስ እከክ መስሎኝ ሁለት ወር በከንቱ ደክሜአለሁ። ነገሩ የቁንጫ አለርጂ ነበር። በሽታው የሚነሣው ቁንጫዋ ደም ስትመጥ ወደ ቆዳ ከምታስገባው ምራቅ ሲሆን፣ ሰውነቱ ምራቁን የማይቀበል እንስሳ በጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ሲያክ ይሰነብታል። ስለዚህ «ቁንጫው ብዙ አይደለም» ብሎ መተው አያዋጣም።

በመጀመሪያ ምንነቱን ያረጋግጡ። እንስሳውን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው ጥርሱ በጠበቀ ማበጠሪያ ከወገቡ እስከ ጅራቱ ሥር ያበጥሩ። የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ በራሰ ነጭ ሶፍት ሲጫኑት ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የተፈጨ ደም ነው፤ ተራ አፈር ከሆነ ግን ቀይ አይሆንም። ድመት ራሷን ስትልስ ቁንጫውን ስለምትውጠው ምንም ላይገኝባት ይችላል። በእርሷ ላይ አንገትና ጀርባዋን ሲዳስሱ እንደ አሸዋ የሚሻክር ጥቃቅን ቅርፊት ይፈልጉ።

ከዚያ በግቢው ያሉትን ውሾችና ድመቶች በሙሉ በአንድ ቀን ያሳክሙ። ብዙ ሰው ደጅ የሚያድረውን ውሻ ብቻ አሳክሞ ምድጃ ዳር የምትተኛዋን ድመት ይረሳል። በሳሙና ማጠብ የዕለቱን ቁንጫ ይገድላል እንጂ የነገውን አይከለክልም፤ አይቨርሜክቲን ለአንዳንድ እከክ ቢረዳም ለቁንጫ አይታመንም፤ ላምባ መቀባት ደግሞ የቆሰለውን ቆዳ ያቃጥላል። እንደ ፊፕሮኒል ያለ መድኃኒት በክብደቱና በዕድሜው ልክ እንዲያዝለት የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ፤ ማሳከኩን የሚያስታግሠውንም እርሱ ይወስናል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ሊገድል ስለሚችል በምንም ምክንያት አይቀቧት።

እኔን ያሸነፈኝ ቀጥሎ ያለው የቤቱ ሥራ ነው። በእንስሳው ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ገና ቁንጫ ሳይሆን ቤት ውስጥ ተበትኗል። አንዲት እንስት በቀን እስከ 40 ወይም 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሉ ፀጉር ላይ ስለማይጣበቅ እንስሳው በተኛበትና ባለፈበት ሁሉ ይረግፋል። የሚፈለፈለው እጭ ብርሃን ሸሽቶ ወደ አጎዛው ጠጉር፣ ወደ ባናው እጥፋት፣ ወደ መደቡ ሥርና ወደ ወለሉ ስንጥቅ ይገባና የቁንጫ ኩስ እየበላ ያድጋል። በመጨረሻም ድር ፈትሎ ራሱን ይጠቀልላል። አቧራ የሚለጠፍበትን ይህን ድር የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያልፈውም፤ ውስጡ ያለችው ቁንጫም ኮቴ፣ ሙቀትና ትንፋሽ እስኪሰማት ለወራት ልትቆይ ትችላለች።

ይህን ሳላውቅ፣ ባዶ ቤት ያስርባቸዋል ብዬ በሩን ቆልፌ እንስሶቹን ይዤ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አንድ ወር ከረምኩ። ተመልሼ ጥቂት እንደተራመድኩ ነጭ ካልሲዬ በቁንጫ ተነቆጠ። የደሴ ብርድ ይጨርሳቸዋል ብዬም ነበር፤ ብርድ እድገታቸውን ያዘገየዋል እንጂ እሳት የሚነድበት ቤት ውስጥ ያሉትን አያጠፋቸውም።

ስለዚህ አጎዛውን፣ ባናውንና ምንጣፉን ከቤት አርቀው ያራግፉ፣ ቀኑን ሙሉም ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ እጩ ድርቀት አይችልም። ሙቅ ውኃ የሚችለውን በ60 ዲግሪ ይጠቡ። ውሻው የሚተኛበትን አሮጌ ጆንያ አጥቦ ለማዳን መድከም በእኔ እምነት ከንቱ ነው፤ ያቃጥሉት። በየቀኑ ከግድግዳው ጥግና ከአልጋው ሥር ጀምረው ይጥረጉ፤ ጥራጊውን ግቢ ጥግ አያከማቹ፣ ያቃጥሉት። የአፈር ወለል ከሆነ ስንጥቁን በጭቃ ይድፈኑና ይለቅልቁ፤ ለአቧራው ብለው ውኃ ሲረጩም አያብዙ፣ እርጥበት ለእጩ ይመቸዋል። የታከሙትን እንስሳት ወደ ለመዱት ቦታ ይመልሱ፤ ከድሩ የሚወጡት አዳዲሶቹ ቁንጫዎች እየዘለሉባቸው ይሞታሉ።

ፀረ ቁንጫ ከረጩ ለቤት የተሠራውን እንጂ የማሳውን አይጠቀሙ፤ ልጆችና እንስሳት ወጥተው፣ ምግቡና የውኃው እንስራ ተከድኖ ይሁን። እስኪደርቅ ማንም አይግባ።

የእንስሳቱን መድኃኒት ሐኪሙ ባዘዘው ልዩነት ቢያንስ ለ3 ወራት ይቀጥሉ። ማሳከኩ በሁለተኛው ሳምንት ሲቀንስ ማቋረጥ ሌላው ስሕተቴ ነበር። በእንስሳው ፊንጢጣ ዙሪያ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካዩ ደግሞ ቁንጫ ሲውጥ የያዘው የኮሶ ትል ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ የትሉን መድኃኒት ለብቻው ይጠይቁ።