የበረዶ ጥልቀት ልክ አልመጣ ሲል፦ ችግሩ ከታች ነው

ጥልቀቱን የምንለካው ቁጥር በተጻፈበት ዘንግና ከላይ ሆኖ ድምፅ በመላክ ርቀት በሚለካ ሴንሰር ነው። የሴንሰሩን ባትሪውንም ኬብሉንም አይታችኋል ብዬ ልነሳ። የማወራው የበረዶ አጥር ስላለባቸው የቱንድራ (ዛፍ አልባው የሰሜን ቀዝቃዛ ምድር) ሙከራዎች ነው፤ አላስካ ውስጥ ሂሊ አጠገብ፣ ኤይት ማይል ሌክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተጀመረው ዓይነት። እዚያ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ነፋስ ያመጣውን በረዶ ያስቀራል። ወፍራሙ በረዶ ብርዱን ስለሚከላከል አፈሩ ይሞቃል፣ ፐርማፍሮስቱ (ከዓመት ዓመት በረዶ ሆኖ የሚኖረው አፈር) ይቀልጣል፣ ታምቆ የኖረው ካርቦን ይወጣል።

ዘንጉ 70 ሴንቲሜትር ይላል፤ አጠገቡ ተቆፍሮ በማስመሪያ ሲለካ 60 እንኳ አይሞላም

ምክንያቱ ሁሌ ያው ነው ማለት ይቻላል። ዘንጉ በረዶውን አልፎ ሳረንስቱ ውስጥ ገብቷል። የቱንድራ መሬት ላዩ እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ ሳረንስት ነው። ጫፉ የሾለ ዘንግ ሳይታወቃችሁ ሰርስሮት ይገባል። ርካሽ ተብሎ የሚገዛውማ ከመሾሉም በላይ ቁጥሩ ቶሎ ይላጣል።

የሚያናድደው ስህተቱ በሁሉም ቦታ እኩል አለመሆኑ ነው። ከአጥሩ ጀርባ በረዶው ወፍራም ስለሆነ ሳረንስቱ የሚጠጥረው ዘግይቶ ነው። ዘንጉም እዚያ ጠልቆ ይገባል። አጥር በሌለበት ግን የጠጠረው መሬት ያስቆመዋል። ስለዚህ አጥሩ ከሠራው በላይ የሠራ ይመስላል! አንድ ወጣት ቆንጆ ግራፍ ይዞ መጣ። ዘንጉን አውጥተን ጫፉን ስናሳየው እርጥብ አረንጓዴ ክር ተጣብቆበታል። ፊቱ ጠቆረ።

መፍትሄው፦ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ዘንግ ያዙ። በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። መደገፍ ክልክል ነው! ስታወጡ ጫፉን እዩ፤ ሳረንስት ካለበት ያ ንባብ አይመዘገብም። ማረጋገጫ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከሙከራው ቦታ ውጭ ግን። ውጭ አልኩ! የተረገጠ በረዶ ሙቀት አይይዝም።

ሴንሰሩ በበጋ ከዜሮ በታች ያነባል

ፐርማፍሮስቱ ሲቀልጥ መሬቱ ይወርዳል፤ ያምናው ዜሮ ዘንድሮ አየር ላይ ነው። በየዓመቱ በረዶ ሳይጥል ከሴንሰሩ እስከ መሬቱ ያለውን ርቀት እንደገና ለኩ።

ብርድ ሲበረታ ጥልቀቱ ይቀንሳል

ድምፅ በብርድ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ለ0 ዲግሪ የተሰላ ሴንሰር በ-30 ዲግሪ፣ ከበረዶው 2 ሜትር ሲርቅ፣ 12 ሴንቲሜትር ያህል ያጎድላል። በአየሩ ሙቀት አርሙት። ቴርሞሜትሩ ጥላ ይኑረው።

ዘንጉ መሃል ላይ ይቆማል

የበረዶ ቅርፊት ነው። ጠንከር አድርጋችሁ ሰብራችሁ እለፉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት ጣት ተመለሱ።

ሴንሰሩ በሐምሌ በረዶ አለ ይላል

ሳር ነው።