አዲስ ቢዝነስ ለጉግል ፍለጋ ማስታወቂያ ይክፈል ወይስ ይቅርበት? እንዴት እንደሚወሰን

አዲስ ቢዝነስ የከፈተ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። ጉግል ላይ ማስታወቂያ ላስነሳ? ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ሞክረውና እየው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መሞከር ገንዘብ ይበላል፤ ገና የተከፈተ ቢዝነስ ደግሞ የሚያባክነው ገንዘብ የለውም። ደግነቱ፣ አብዛኛው መልስ አንድም ሳንቲም ሳይወጣ በወረቀትና በእስክሪብቶ ይገኛል። ሙከራው የሚመጣው ሒሳቡ «ያስኬዳል» ካለ ብቻ ነው።

1. ሰው እየፈለገው መሆኑን አጣሩ

የፍለጋ ማስታወቂያ ፍላጎት አይፈጥርም። ያለውን ፍላጎት ነው የሚያገኘው። ፌስቡክ ላይ ያለ ሰው የጓደኞቹን ፎቶ እያየ ነው፤ ማስታወቂያችሁ ሳይጠራ ይመጣበታል። ጉግል ላይ ያለው ግን ራሱ ጠይቋል። ስለዚህ የምትሸጡት ነገር መኖሩን እንኳ ሰው ገና የማያውቀው ከሆነ ማንም ጽፎ አይፈልገውም። ማንም ካልፈለገው ማስታወቂያው የሚወጣበት አጋጣሚ የለም። እንዲህ ያለ ምርት መጀመሪያ በቪዲዮ፣ በሶሻል ሚዲያና ከሰው ወደ ሰው መተዋወቅ አለበት። የእናንተ እንዲህ ከሆነ መልሱ «ለጊዜው አይሆንም» ነው፤ የቀረውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚፈልግ እዩ። «ቧንቧ ሲያፈስ ምን ይደረጋል» ብሎ የጻፈ ሰው ራሱ ሊጠግን አስቧል። «የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ» ያለው ግን ሰው ሊጠራ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ለሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ጥሩ ጽሑፍ ወይም አጭር ቪዲዮ ይበቃዋል።

ቃላቱን ለማግኘት የጉግል ኪወርድ ፕላነር አለ። የጉግል ማስታወቂያ አካውንት መክፈት ይጠይቃል፤ መሣሪያው ራሱ ግን አያስከፍልም። ገና ምንም ላላወጣ አካውንት የፍለጋውን ብዛት «ከ100 እስከ 1,000» በሚል ሰፊ ግምት ሊሰጥ ይችላል። ለመነሻ በቂ ነው። ከዚህ መሣሪያ ይልቅ እኔ የማምነው ግን ሌላ መንገድ አለ። ደንበኛ ሊሆን ለሚችል ሰው ስልክ ስጡትና «ይህን ነገር ፈልግልኝ» በሉት። የምርቱን ስም አትንገሩት፤ ችግሩን ብቻ ንገሩት። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ዝም ብላችሁ እዩ። ባለቤቱ ምርቱን የሚጠራበት ስምና ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

2. ነጻውን ጨርሱ

የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በነጻ ይከፈታል፤ ካርታ ላይ ያወጣችኋል። ሰርች ኮንሶልም በነጻ ነው፤ ሰዎች በየትኛው ቃል ዌብሳይታችሁ ጋ እንደደረሱ ያሳያል። እነዚህን ሳያስተካክሉ ለክሊክ፣ ማለትም ሰው ማስታወቂያውን በነካ ቁጥር፣ መክፈል ትክክል አይመስለኝም።

3. ለአንድ ክሊክ እስከ ስንት እንደምትከፍሉ አስሉ

ውሳኔው ያለው እዚህ ነው። ሰዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። በዚህ ማስታወቂያ የምትከፍሉት ማስታወቂያው ስለታየ ሳይሆን ስለተነካ ነው። የነካው ሰው ገዛም አልገዛም ክፍያው ያው ነው። ስለዚህ «ክሊክ ስንት ነው?» ከማለት በፊት «ለእኔ አንድ ክሊክ ስንት ያወጣል?» ማለት ያስፈልጋል።

ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚፈለገው። አንደኛው ከአንድ ሽያጭ የሚቀራችሁ ትርፍ ነው። ሁለተኛው፣ ከሚገቡት 100 ሰዎች ስንቱ ይገዛል የሚለው ነው። ሁለቱን አባዙና ለ100 አካፍሉ።

በምሳሌ እንየው። የምትገበያዩበት ገንዘብ የትኛውም ይሁን፣ ዕቃው 2,000 ይሸጣል እንበል። መግዣው፣ ማጓጓዣው፣ ማሸጊያውና የክፍያ ኮሚሽኑ ተደምሮ 1,400 ወጣበት። ትርፉ 600 ነው። ከሚገቡት 100 ሰዎች 2 ሰው ቢገዛ፣ 600 በ2 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 12 ይመጣል። ጣሪያችሁ 12 ነው ማለት ነው። በ12 ከገዛችሁ ደግሞ ምንም አላተረፋችሁም፤ ጉግልን ብቻ ነው ያገለገላችሁት። ትርፉን ከማስታወቂያው ጋር እኩል ለመካፈል ብታስቡ የምትከፍሉት 6 ነው።

ስህተት የሚገባው በሁለቱ ቁጥሮች ነው። በትርፉ በኩል ሰው የመሸጫ ዋጋውን ይዞ ያሰላል። 2,000ን ይዛችሁ ብታሰሉ ጣሪያው 40 ይመጣል። በ40 ክሊክ የሚገዛ ሰው ሽያጩ ሲጨምር ደስ ይለዋል፤ የባንክ አካውንቱ ግን እየተራቆተ ነው። ተመላሽ ዕቃና ቅናሽም ከትርፉ መቀነስ አለበት።

በሁለተኛው ቁጥር በኩል ደግሞ አዲስ ቢዝነስ ታሪክ የለውም። ስንት ሰው እንደሚገዛ አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ ልቡ ወደ ትልቁ ያዘነብላል። 10 በመቶ ብላችሁ አትጀምሩ። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሥሩት፤ በ1፣ በ2 እና በ3 በመቶ። ከላይ ባለው ምሳሌ ጣሪያው 6፣ 12 እና 18 ይሆናል። በ1 በመቶ እንኳ የሚያዋጣ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የሚያዋጣው በ3 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ውሳኔው በምኞት ላይ ቆሟል።

በስልክ የሚሸጥ አገልግሎት ከሆነ ሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ከ100 ክሊክ 5 ሰው ቢደውልና ከአራት ደዋይ አንዱ ቢስማማ፣ ከ100 ክሊክ የተገኘው ደንበኛ 5 ሳይሆን 1.25 ነው።

«ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ትርፉን በሦስት ማባዛት አለብን» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። ለቆየ ድርጅት ትክክል ነው። ተመልሶ የመጣ ደንበኛ ገና ላላየ ቢዝነስ ግን ይህ ተስፋ ነው። በዚያ ላይ ለክሊኩ የምትከፍሉት ዛሬ ነው፤ የሁለተኛው ሽያጭ ገንዘብ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። መዝገብ እስኪኖራችሁ የመጀመሪያውን ሽያጭ ብቻ ቁጠሩ።

4. ጣሪያችሁን ከገበያው ዋጋ ጋር አስተያዩ

ኪወርድ ፕላነር ለእያንዳንዱ ቃል ከገጹ አናት ላይ ለመውጣት የሚከፈለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ያሳያል። ጣሪያችሁ 12 ሆኖ ግምቱ ከ5 እስከ 9 ከሆነ ቀጥሉ። ግምቱ ከ25 እስከ 40 ከሆነ ያ ቃል የእናንተ አይደለም። ጠበብ ያለ ቃል ፈልጉ፤ ካልተገኘ ተዉት። ይህ ሽንፈት አይደለም። ተፎካካሪያችሁ ከአንድ ደንበኛ የበለጠ ስለሚያተርፍ የበለጠ መክፈል ይችላል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ገንዘብ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ጎቱ ዶት ኮም የተባለው ድርጅት የፍለጋ ቦታ በጨረታ መሸጥ ሲጀምር ደረጃው የሚወሰነው በዋጋ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 ጨረታውን ሲያመጣ ሰዎች ማስታወቂያውን ምን ያህል እንደሚነኩትም ጨመረበት። አሁን ደግሞ የማስታወቂያው ተገቢነትና ሰው ነክቶ የሚያርፍበት ገጽ ጥራት አብሮ ይመዘናል። ስለዚህ ከተፈለገው ቃል ጋር በደንብ የሚገጥም ማስታወቂያና ገጽ ያለው ትንሽ ቢዝነስ፣ ግዴለሽ ከሆነ ትልቅ ድርጅት ባነሰ ዋጋ በላይ ሊወጣ ይችላል።

ገጹ በስልክ ቶሎ የማይከፈት ከሆነ ወይም ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሌለ እዚህ ላይ አቁሙ፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

5. ለሙከራ የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን እዩ

«100 ሰው ገባ፤ አንድም አልገዛም፤ ስለዚህ ማስታወቂያ አይሠራም» የሚል ድምዳሜ በጣም የተለመደ ነው። ሒሳቡ እንዲህ አይልም። ከ100 አንድ ሰው የሚገዛበት ደህና ገጽ ቢኖራችሁ እንኳ፣ 100 ክሊክ መጥቶ በአጋጣሚ አንድም ሳይሸጥ የመቅረት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው። 300 ክሊክ መጥቶ ባዶ የመቅረት ዕድሉ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ያኔ «አልሠራም» ማለት ይቻላል።

ቀላል መንገዱ ይህ ነው። 3ን ለምትጠብቁት የገዢ መጠን አካፍሉ (1 በመቶ ማለት 0.01 ነው)። 1 በመቶ ከጠበቃችሁ 300 ክሊክ፣ 2 በመቶ ከጠበቃችሁ 150 ክሊክ ያስፈልጋል። ይህን በክሊክ ዋጋ ስታባዙ የሙከራው በጀት ይወጣል። ክሊኩ 8 ከሆነ ለ150 ክሊክ 1,200 ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የማትቆሙ ከሆነ ግቡበት። ግማሹ ብቻ ካላችሁ አትጀምሩ፤ በግማሽ ሙከራ የሚገኝ መልስ የለም።

6. ስታስነሱ እነዚህን አጥፉ

በስማርት ካምፔይን ባትጀምሩ እመርጣለሁ። ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ውሳኔ ከእጃችሁ ይወስዳል። ተራውን የፍለጋ ካምፔይን ምረጡ።

በቅንብሩ ውስጥ የዲስፕሌይ ኔትወርክና የሰርች ፓርትነርስ ምርጫዎች አሉ። ሁለቱም ይጥፉ፤ አለበለዚያ ገንዘቡ ከጉግል ፍለጋ ውጪ ላሉ ቦታዎችም ይሄዳል። በቦታ ምርጫ ላይ አካባቢው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ብቻ ምረጡ። እንዳለ ከተዋችሁት ስለ አካባቢው ፍላጎት ያሳየ ሌላ አገር ያለ ሰውም ያየዋል። የቃላት አገጣጠሙን፣ ማለትም የሰው ፍለጋ ከመረጣችሁት ቃል ጋር ምን ያህል ሲቀራረብ ማስታወቂያው እንደሚወጣ የሚወስነውን ምርጫ፣ ከሰፊው ይልቅ ወደ ትክክለኛው ወይም ወደ ሐረጉ አጥብቡት። «በነጻ»፣ «ሥራ ቅጥር» እና «ስልጠና» የሚሉትን ዓይነት ቃላት የማይፈለጉ ብላችሁ አስገቡ። ሽያጭና ጥሪ የሚቆጠርበትን ኮንቨርዥን ትራኪንግ ሳትገጥሙ ደግሞ አታስነሱ፤ ሙከራው ምንም አይነግራችሁም።

የቀን በጀት ስታስገቡ ጉግል በአንዳንድ ቀን እስከ እጥፍ ሊያወጣ እንደሚችል እወቁ። በወር ግን ከቀን በጀቱ 30.4 እጥፍ አያልፍም። ሁለተኛ ቀን ላይ ደንግጣችሁ አትዝጉት።

ሥራውን ለኤጀንሲ ከሰጣችሁ አካውንቱ በእናንተ ስም ይከፈት፤ ለእነሱ ፈቃድ ብቻ ስጧቸው። አንድ የማውቀው ባለሱቅ ይህን አላደረገም። ከኤጀንሲው ጋር ሲለያይ አካውንቱ የእነሱ ስለነበር የትኛው ቃል ሽያጭ እንዳመጣ የሚያሳየው መዝገብ ሁሉ እዚያው ቀረ። የከፈለው እሱ ነበር።

7. ውጤቱን አንብቡ፤ ወስኑ

መጀመሪያ በራሳችሁ ስም ፍለጋ የመጣውን ሽያጭ ለይታችሁ አውጡ። የኢንተርኔት ገበያው የኢቤይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ድርጅቱ በራሱ ስም የሚገዛውን ማስታወቂያ ሲያቆም ሰዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ባልተከፈለበት ውጤት በኩል መግባታቸውን አሳይተዋል። በዚያው ጥናት ሌሎቹ ማስታወቂያዎች ይበልጥ የጠቀሙት ድርጅቱን ገና የማያውቁትን ሰዎች ለማምጣት ነበር። ስማችሁን ጽፎ የመጣ ሰው ያለ ክፍያም ይመጣ ነበር። እሱን ከማስታወቂያው ውጤት ጋር መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

የቀረውን ወጪ ለቀረው ሽያጭ አካፍሉ። አንድ ደንበኛ ያስወጣችሁ ከትርፋችሁ በታች ከሆነ ቀጥሉ፤ በጀቱንም ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ትርፋችሁን ካለፈ ዝጉት። ጥቂት ከበለጠ ግን ሽያጭ ያላመጡትን ቃላት አውጥታችሁ አንድ ዙር ብትደግሙ አይከፋም፤ ሦስተኛ ዙር አልመክርም።

ብትዘጉትም የፍለጋ ቃላት ሪፖርቱን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሰዎች የጻፉት ቃል እዚያ ተዘርዝሯል። ሽያጭ ወይም ጥሪ ያመጡትን መርጣችሁ ለእያንዳንዳቸው ዌብሳይታችሁ ላይ አንድ አንድ ገጽ ጻፉ፤ በዚያ በኩል ለሚመጣ ክሊክ አትከፍሉም።