ፀጉር በሚያህል ቀጭን መስመር ፈሳሽ ስትነዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮፍሉይዲክስ ማለት ፈሳሽን ፀጉር በሚያህሉ መስመሮች ውስጥ መንዳት ነው። በአንዲት ጠብታ ደም ምርመራ ለመሥራት ይጠቅማል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ይህን የምትሞክሩ ተማሪዎች፣ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው የቤት ቧንቧን ልምድ ይዞ ከመግባት ነው።

ሁለት ፈሳሾች ስለተገናኙ ብቻ ተቀላቀሉ አትበሉ። ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ገባሩ ሁሉ ተተራምሶ አንድ ይሆናል። 100 ማይክሮ ሜትር (ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ስፋት ባለው መስመር፣ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ውሃ ግን አይተራመስም። ፈሳሽ ይተራመስ እንደሆነ የሚያመለክተው የሬይኖልድስ ቁጥሩ 0.1 ገደማ ነው፤ በቧንቧ ውስጥ መተራመስ የሚጀምረው ከ2000 በላይ ነው። ቀይና ሰማያዊ ቀለም ብትለቁ ጎን ለጎን ይነጉዳሉ። የሚያቀላቅላቸው ዲፊውዥን፣ ማለትም ሞለኪውሎች በራሳቸው እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ መሰራጨታቸው፣ ብቻ ነው። ትንሽ ሞለኪውል ያንን ስፋት ለመሻገር 5 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ፕሮቲን ደግሞ አንድ ደቂቃ ሊጠጋ ይችላል። ፓምፑን ማፍጠን ያለቻቸውን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ አይረዳም። መስመሩን አስረዝሙት፣ ወይም ፈሳሹን እንዲያጠማዝዙት ወለሉ ላይ ሰያፍ ቦዮች ቅረጹ።

የአየር አረፋን መናቅ ሌላው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ለእኛ አገር ይብሳል። የላብራቶሪ መመሪያዎች ሲጻፉ ደሴን ያሰበ የለም። ከተማዋ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ዲኤንኤ የሚያባዛው ፒሲአር ግን ብዙ ጊዜ 95 ዲግሪ ይጠይቃል። በደንብ በተከደነ ቱቦ ችግር የለውም። ጫፉ ክፍት በሆነ ቺፕ (መስመሮቹ የተቀረጹበት ትንሽ ሰሌዳ) ግን ገና 95 ሳይደርስ ይንተከተካል፤ ከዚያም በፊት በውሃው ውስጥ የሟሟው አየር ይወጣና መስመሩን ይዘጋል። ኮምቦልቻ ብትወርዱም አታመልጡም፤ እዚያም 94 ገደማ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን ቀድማችሁ በቫክዩም አየሩን አውጡለት፣ መውጫውን ዝጉና ግፊት ስጡት። እኔ ብሆን እንደ ፒሲአር ዲኤንኤ የሚያባዛውን፣ ላምፕ የተባለውን ዘዴ እመርጣለሁ። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለ አንድ ሙቀት ይሠራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታም ይቀላል።

መስመሩን ማጥበብ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ክብ መስመር ራዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ያንኑ ፍሰት ለመግፋት 16 እጥፍ ግፊት ያስፈልጋል። የሲሪንጁ መጋጠሚያ የሚፈነጠረው ለዚህ ነው። አቧራም ስለሚዘጋው ፈሳሾቻችሁን አጣሩ። ደምን ግን በዚያው ማጣሪያ እንዳታሳልፉ! 8 ማይክሮ ሜትር የሚያህሉት ቀይ ሴሎች እዚያው ይቀራሉ።

ናኖን (ናኖ ሜትር የማይክሮ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የማይክሮ ታናሽ ወንድም አድርጎ ማየትም ያሳስታል። ሊትሩ ላይ 1 ሚሊሞል ጨው ባለው ውሃ፣ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ተጽዕኖ 10 ናኖ ሜትር ያህል ይዘልቃል። መስመሩ 20 ናኖ ሜትር ከሆነ መሃል የሚባል ነገር አይቀርም፤ የትኛው አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) እንደሚያልፍ ግድግዳው ይወስናል። የጨውን መጠን ሳይመዘግቡ ውጤት ማወዳደር ከንቱ ልፋት ነው።

አቧራ የሌለበት ንጹህ ክፍልና ውድ ማሽን ከሌለ አይጀመርም ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን ወረቀት ላይ መስመር አበጅቶ መመርመሪያ አሳይቷል። ጤና ጣቢያ የምታዩት የወባ ፈጣን መመርመሪያም ፈሳሽን ያለ ፓምፕ ይስባል። ማጣሪያ ወረቀትና ሰም ይበቃችኋል። ሰሙ ሲቀልጥ ወደ ጎንም ስለሚሰራጭ ግን መስመሩን ከምትፈልጉት ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉት።