«ኖ ሃይዌይ ኢን ዘ ስካይ»ን ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህ የሄንሪ ኮስተር ጥቁርና ነጭ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ጀምስ ስቱዋርት የሚጫወተው ሃኒ፣ «ሬይንዲር» የተባለው አዲስ አውሮፕላን 1,440 ሰዓት ሲበር ጭራው በብረት ድካም እንደሚሰበር ያሰላ ተመራማሪ ነው። ከዚያ ራሱ ይሳፈርበታል። ሰዓቱ መቃረቡን የሚያውቀው ደግሞ አየር ላይ ሆኖ ነው።

ስለ ኮሜት የተሠራ ነው ማለት። አይደለም። እንግሊዝ የሠራችው የጄት አውሮፕላን ኮሜት መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው በ1952 ሲሆን፣ ጣሊያን ውስጥ ኤልባና ኔፕልስ አጠገብ አየር ላይ የተበታተኑት ሁለቱ አደጋዎች የደረሱት በ1954 ነው። የፊልሙ መነሻ የሆነው የኔቪል ሹት ልቦለድ በ1948 ታትሟል። ሹት የአውሮፕላን መሐንዲስ ስለነበር የጻፈው ከሙያው ነው፤ «ትንቢት» እያሉ ማድነቅ ዕውቀቱን ማሳነስ ነው። የስብራቱም ዓይነት ይለያያል። ሬይንዲርን የሚሰብረው የጭራው ንዝረት ነው። ኮሜትን የቀደደው ግን በየበረራው እየጨመረና እየቀነሰ አካሉን የሚወጥረው የካቢን አየር ግፊት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፋርንቦሮ በነበረው የአውሮፕላን ምርምር ማዕከል ውኃ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የተፈተነው ኮሜት፣ እውነተኛው በረራና በገንዳው የተመሰለው ተደምሮ፣ በ3,057ኛው በረራ ተቀደደ።

ድካምን ከእርጅና ጋር ማምታታት። ብዙ ተመልካች «አዲስ አውሮፕላን እንዴት ይደክማል?» ብሎ እዚህ ላይ ፊልሙን መከተል ያቆማል። ብረት የሚደክመው በተሠራበት ዘመን ሳይሆን በምልልስ ብዛት ነው። አንድ ጊዜ ቢጫንበት የማይበግረው ጭነት ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት፣ የብሎን ቀዳዳ ወይም የመስኮት ጥግ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትጀምራለች፤ ከዚያ በየምልልሱ ትረዝማለች። ፊልሙን ከመክፈትዎ በፊት የወረቀት ክሊፕ ዘርግተው አንዱን ቦታ ወዲያና ወዲህ ያጥፉት። መጀመሪያ ምንም አይሆንም፤ ሲሰበር ግን ሳያስጠነቅቅ ነው።

ጅማ ላለ ተመልካች ነገሩ ሩቅ አይደለም። እንደ አዲስ አበባ–ጅማ ባለ አጭር መስመር የሚሠራ አውሮፕላን በሰዓት ሲቆጠር ጥቂት፣ በመነሳትና በማረፍ ሲቆጠር ብዙ ይሆናል። ጥገና ክፍል ሁለቱንም የሚመዘግበው ለዚህ ነው። በ1988 ሃዋይ ላይ ጣሪያው አየር ላይ የተገነጠለው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በ35,496 ሰዓት ውስጥ 89,680 በረራ ሠርቶ ነበር፤ አንዱ በረራ በአማካይ 24 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

1,440ን እንደ ቀጠሮ መያዝ። ሰዓት እያዩ «አሁን ይሰበራል» ማለት ደስ ይላል፤ ግን አንድ ዓይነት ሁለት ክፍሎች እንኳ እኩል አይቆዩም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ማቴሪያል የሚማር ተማሪ የድካም ሙከራ ውጤት ምን ያህል እንደሚበታተን ያውቃል። (መጨረሻውን መስማት የማይፈልግ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ይዝለል።) ሃኒ ራሱ ሙቀትን ስሌቱ ውስጥ ሳያስገባ ቀርቶ ነበር።

ሃኒ ካናዳ ውስጥ ባለው የጋንደር አውሮፕላን ማረፊያ በሚያደርገው መሳቅ ብቻ። አውሮፕላኑ ሲፈተሽ ምንም አይገኝም፤ እንዲበርም ይፈቀዳል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ሃኒ ጎማውን አጥፎ በሆዱ ያስተኛዋል። ዝንጉ ሰው ስለሆነ ያስቃል፤ ፊልሙም እንዲስቁ ይፈልጋል። ይሁንና ብረቱ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በዓይን አይገኝም፤ ዛሬ በአልትራሳውንድና በኤዲ ከረንት (ብረቱ ውስጥ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ጅረት) ነው የሚፈለገው። ያን ትዕይንት መልሰው ይዩት፦ ማን ምን ያውቃል? «አይበርም» የማለት ሥልጣንስ የማን ነው? በእኛ ግምት የፊልሙ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው፤ ከሌላዋ ተዋናይ ከማርሊን ዲትሪክ ትዕይንቶችም ይበልጣል።

ምስሉን መለጠጥ። ፊልሙ ለሰፊ ስክሪን አልተሠራም። ቴሌቪዥኑን 4፡3 ላይ ያድርጉት፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢቀር ችግር የለውም። ንግግሩ ብዙ፣ ድምፁ ያረጀ ነው፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ግማሹ ያመልጣል። የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ ወይም የግርጌ ጽሑፉን ያብሩ።