የተላከልዎትን ፋይል ከመክፈትዎ በፊት

አብዛኛው ቫይረስ በር ሰብሮ አይገባም፤ የሚከፍትለት የኮምፒውተሩ ባለቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ በኢሜይል የተዛመተው የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ነበር። የፋይሉ ስም በ«ቲኤክስቲ» የሚያልቅ ተራ ጽሑፍ ይመስላል፤ ከኋላው ያለውን «ቪቢኤስ» ግን ዊንዶውስ ይደብቀዋል። ዊንዶውስ ዛሬም ካልነገሩት በቀር የፋይልን ጅራት፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጡትንና ዓይነቱን የሚናገሩትን ፊደላት፣ አያሳይም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያስተካክሉ። በዊንዶውስ 11 ፋይል ኤክስፕሎረርን ይክፈቱ፤ «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ይጫኑ። አሁን «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የሚባል ፋይል ቢመጣ ማንነቱ ይታያል፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ጅራት ብቻ ነው። ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ቪቢኤስ እና ጄኤስ ፎቶም ደብዳቤም አይደሉም፤ ሲከፈቱ ሥራ የሚጀምሩ ፕሮግራሞች ናቸው። በኢሜይል የመጣ የወርድ ወይም የኤክሴል ሰነድ «ኢኔብል ኮንቴንት» ይጫኑ ካለዎትም አይጫኑ፤ በውስጡ ያለው ማክሮ፣ ማለትም ሰነዱ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም፣ የሚነሳው ያኔ ነው።

ፍላሽ ሰክተው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ሌላ ፋይል የሚከፍት አቋራጭ) ሆነው ካገኟቸው አይደንግጡ፤ ሾርትከቱንም አይንኩ። ፋይሎችዎ ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው በስማቸው ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት አስቀምጧል። ፍላሹንም ኮምፒውተሩንም በአንቲቫይረስ ስካን ያድርጉ። ከዚያ በ«ሾው» ሥር «ሂድን አይተምስ»ን ያብሩ። አሁንም ካልታዩ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። የራስዎን ፋይሎች ብቻ ገልብጠው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት።

የሐሰት ማስጠንቀቂያ ደግሞ ያለ ምንም ቫይረስ ጉዳት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰራጨ አንድ ኢሜይል «የድብ አሻንጉሊት ምስል ያለው ፋይል ኮምፒውተርዎ ውስጥ ካለ ቫይረስ ነው፣ አንቲቫይረስ አያገኘውም፣ ያጥፉትና ለሁሉም ይንገሩ» ይል ነበር። ሰው ፈለገ፣ ፋይሉን አገኘ፣ አመነ፣ አጠፋ። ፋይሉ ግን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ጤነኛ ፋይል ነበር፤ አንቲቫይረስ ያላገኘውም ለዚህ ነው። «ለሁሉም ያስተላልፉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲደርስዎ ከመልእክቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ። ሐሰት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ተጋልጦ ያገኙታል።

አጠራጣሪ ፋይል ከከፈቱ ወዲያውኑ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ ኬብሉን ይንቀሉ። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ያለውን የኦፍላይን ስካን ያስነሱ፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ መደበቂያ ያጣል። የይለፍ ቃል የሚቀይሩት በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው። ከኢሜይልዎ ይጀምሩ፤ የሌሎቹ አካውንቶች ሁሉ መክፈቻ የሚላከው ወደ እሱ ነው።